ግጥሜ ውስጥ ያለው ጅብ አያስፈራም፤ ምን ላድርገው?

ኩራዝ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። እዚህ መድረክ ላይ ከማንበብ በቀር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። ማታ ማታ ጅብ አጥራችን ድረስ ይመጣ ነበር። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የ7 ዓመት ልጅ አለኝ። ባለፈው ስልኬ ላይ የጅብ ቪዲዮ አይቶ በሳቅ ሞተ። «አባዬ፣ አረማመዱ ያስቃል» አለኝ። አልተቆጣሁትም። ግን እኔ ብርድ ልብስ ነክሼ ያደርኩለት አውሬ ለልጄ ቀልድ ሆኖ ሲቀር ደስ አላለኝም። እስቲ ግጥም ልጻፍለት አልኩ። ይኸው፦

አስፈሪው አውሬ ጅብ በጨለማ መጣ፤
ዐይኑ እንደ ፍም በርቶ እሳት እያወጣ።
ሰዉ ሁሉ ፈራ በሩንም ዘጋና፤
ጌታ ሆይ አድነን ብሎ ለመነና።
ቀን ብረት ቀጥቅጦ ማታ ጅብ ይሆናል፤
በጓሮ ይገባል፣ ልጅ በልቶ ይወጣል።

አነበብኩለት። ሲያልቅ ቀና ብሎ አየኝና «ከዚያስ?» አለኝ።

በቃ፣ ይኸው ነው። እባካችሁ ገምግሙልኝ። አትሳሱልኝ።

ስንኝ ሰባሪ

አትሳሱልኝ ካልክ እሺ።

ምቱ ደህና ነው። ስድስት ስድስት እያልክ የወል ቤት ሄደሃል፤ እዚህ ላይ ጆሮህ አይታማም። ችግሩ ሌላ ነው። «አስፈሪው» ብለህ ጀመርክ። ወንድሜ፣ አስፈሪ መሆኑን አንተ ከነገርከን እኛ ምን ቀረን? «ዐይኑ እንደ ፍም» ደግሞ ለአንበሳም ይሆናል፣ ለዘንዶም ይሆናል፣ ለሰይጣንም ይሆናል። ጅቡን አውጥተህ ነብር ብታስገባበት ግጥሙ ምንም አይጎድልበትም። እንግዲያው ይህ ጅብ አይደለም፤ «አውሬ» የሚል ጭምብል ያጠለቀ ነገር ነው።

«ዘጋና»፣ «ለመነና» ቤት ለመምታት ሲባል የተንጠለጠሉ ናቸው። «ና»ዋን ብትቆርጣት ማንም አይናፍቃትም።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ግን ግሩም ናቸው። «ቀን ብረት ቀጥቅጦ»፤ ቀ፣ ጥ፣ ቅ፣ ጦ። መዶሻው ይሰማል። ሌላውን ጥለህ ከዚህ ጀምር።

ሻይ ቤት

«ከዚያስ?» ያለው ልጅ ነገ ሃያሲ ነው የሚሆነው። ከአሁኑ ተጠንቀቅ።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ ኩራዝ፣ ብዙ ዘመን ቋንቋ አስተምሬ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ስንኝ ሰባሪ ያለህ እውነት ነው። ግን ቤቱን አፍርሶብህ ሄደ እንጂ ድንጋዩ የት እንዳለ አላሳየህም።

ልጅህ የሳቀው በአረማመዱ ነው፣ አይደል? አባቶችህም አይተውታል። የጅብ የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል፤ ጀርባው ወደ ጭራው ያዘቀዝቃል። ሲሄድ የተጎዳ ይመስላል። ይህን ያዩ ሰዎች ሦስት ቃል ብቻ ተናገሩ፦ ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል።

እስቲ ጮክ ብለህ በለው። ነከሰ፣ አነከሰ። በመካከላቸው አንዲት «አ» ናት ያለችው። ጆሮ የቱ የቱ እንደሆነ ሳይለይ ምሳሌው አልቋል። አንካሳውና ነካሹ በአንድ ድምፅ ታስረው ቀሩ። እዚህ ሥዕሉ ብቻውን ቆሞ፣ ድምፁ ደግሞ እንደ ጌጥ የተንጠለጠለበት አይደለም። ሥዕሉን የሣለው ድምፁ ራሱ ነው።

ልጅህ የሳቀው «ያነክሳል» ላይ ነው። አንተ «እስኪ» የምትለዋን ጨምርለት።

አንድ ነገር ልድገም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ሰዉ ይህን የሚተርተው ነገር ካለፈ በኋላ በሚፎክር ሰው ላይ ነው። አንተ ግን አዙረህ ስማው። ጅቡ ሲሄድ ከጮኸ፣ ጅቡ ሳለ ምን ሆኖ ነበር? ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ውሻ እየጮኸ እንቅልፍ ይወስድሃል። የምትነቃው ድንገት ዝም ሲል ነው።

ኩራዝ

መምህር፣ ይህችን የመጨረሻዋን ሳነብ ጸጉሬ ቆመ። እውነትዎን ነው። የኛ ውሻ ልክ እንደዚያ ነበር። ለካ እኔ የጻፍኩት ጅቡን ነው፤ የፈራሁት ግን የውሻውን ዝምታ ነበር።

ክራር ደርዳሪ

ምሳሌ ከተነሣ እኔም ድርሻዬን ላዋጣ። «ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው» ይባላል። አንዳንዱ «ድምፁ» ይላል። እኔ «ቅኝቱ» የሚለውን እወዳለሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብዬ አራት ቅኝት ነው የተማርኩት። ምሳሌው አምስተኛ ጨመረልኝ።

አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። መስታወት ፊት ቁሙና «እንብላው» በሉ። ስንጽፈው በ«ን» ነው፤ አፋችን ግን «እምብላው» ነው የሚለው። «ም» እና «ብ» ላይ ከንፈር ይገጥማል። «ላ» ላይ መንጋጋ ይወርዳል። «ው» ላይ ከንፈር መልሶ ይሰበሰባል። አሁን ደጋግሙት፤ እንብላው፣ እንብላው፣ እንብላው። መስታወቱ ውስጥ ምን አያችሁ? እያኘካችሁ ነው።

ይህን የፈጠረ ሰው ስሙ አይታወቅም። ፊደል ይቁጠር አይቁጠርም አናውቅም። ግን የጅቡን መንጋጋ ከተናጋሪው አፍ ውስጥ ከትቶታል። እኔ ከዚህ የበለጠ የድምፅ ሥራ አላውቅም።

ክራሩ ራሱም ይመስለዋል። ወፍራሙን ክር በአውራ ጣት መታ መታ ስታደርገው «እምብ፣ እምብ» ነው የሚለው። ዛሬ ክሩ ናይሎን ስለሆነ ትንሽ ቀጠነ እንጂ።

ሻይ ቤት

ቢሮ ውስጥ ሞከርኩት። አጠገቤ ያለችው ልጅ «ምሳ ሰዓት ደረሰ እንዴ?» አለችኝ።

የጁገል ልጅ

እኔ ሐረር ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ ትንሽ ልከራከር ነው። ጅብ ጅብ ስትሉ ሁላችሁም ከአጥር ውስጥ ሆናችሁ ነው። እኛ ጋ ግንቡ ራሱ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። ወራባ ነው የምንለው። ማታ ከተማ ውስጥ ገብቶ ቆሻሻውን ጠራርጎ ይወጣል። ትልልቅ ሰዎች ጅብ ጂኒ ይበላልናል ይላሉ። በአሹራ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፤ አበላሉ ታይቶ የዓመቱ ሁኔታ ይነገራል።

ስለዚህ ጅብ በተፈጥሮው አስፈሪ ነው የሚለውን አልቀበልም። የሚያስፈራው እንዴት እንደተነገረ ነው።

ይህን ብዬ ደግሞ ራሴን ልቃረን። ከከተማው በር ውጪ ማታ ማታ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። ሥጋውን አጭር እንጨት ላይ ጠቅልለው፣ እንጨቱን በጥርሳቸው ይዘው ያጎርሱታል። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ጅቡ ሲመጣ ኮቴው አይሰማም። መጀመሪያ የደረሰኝ ትንፋሹ ነው። ይሞቃል፣ የረጠበ አጥንት ይሸታል። ከዚያ ሥጋውን ሲቀበል ጥርሱ እንጨቱን ነካው። «ቀጭ» አለ። አንዲት ቀጭ። ጩኸቱን፣ ሳቁን፣ ሁሉንም ለምጄዋለሁ። ያቺን ቀጭ ግን እስካሁን አልለመድኳትም።

ኩራዝ፣ አንተ «እሳት እያወጣ» ያልከው ጋ እንዲህ ያለ አንድ ድምፅ ብታገኝለት ይሻላል።

ስንኝ ሰባሪ

እህቴ፣ ልክ ነሽ። አማርኛ ለዚህ ሀብታም ነው። ኮሽ፣ ቀጭ፣ ጓ፣ ጭር፣ እልም። አንዲት ቁራጭ ድምፅ ወስደህ «አለ» ትጨምርባትና ግሥ ትሆናለች። ቆረጠመ የሚለውንም እዩት፤ «ቆ» እና «ጠ» ጉሮሮና ምላስ ላይ ፈንድተው ነው የሚወጡት። አጥንቱ ብዙ ከሆነ ደግሞ ቆረጣጠመ ይሆናል። ቃሉ ራሱ ሁለቴ ይሰበራል። «በላ» ብለህ ብትጽፍ ግን ገንፎም ይበላል።

እመት ጦጣ

ማንም ያላነሣው ነገር፦ ለምን «አያ ጅቦ» እንላለን? አያ እኮ የታላቅ ወንድም፣ የተከበረ ሰው መጥሪያ ነው። አህያዋ ከታች ሆና ውኃ ስትጠጣ ጅቡ ከላይ ሆኖ «አደፈረስሽብኝ» ሲላት «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» ነው ያለችው። ልትበላም አክብራ ነው የምትጠራው። እኔ ሁልጊዜ የሚያስፈራኝ ያ «አያ» ነው። ጅቡን እንዳያስቆጡት አስበው ያወጡለት ስም ይመስለኛል።

ከሙኒክ

እኔ ከጀርመን ነኝ። ሐሳባችሁን ስከታተል አንድ ግጥም ትዝ አለኝ። ጀርመንኛ ኮርስ ላይ መምህራችን በቃላችን አስጠንታን ነበር። የራይነር ማሪያ ሪልከ «ፓንተር» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1907 «አዳዲስ ግጥሞች» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ወጥቷል። ሰውዬው ፓሪስ፣ ዣርዳን ደ ፕላንት የሚባል ግቢ ውስጥ በፍርግርግ የታሰረ አውሬ አይቶ ነው የጻፈው። ፓንተርን ግስላ ልበለው መሰለኝ፤ ግጥሙ ግን ጥቁር ነው ወይስ ዥንጉርጉር አይልም።

አሥራ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ጥርስ የለም፣ ደም የለም። ፍርግርጉን «ሽቴበ» ይለዋል። መጀመሪያዋ አንጓ ላይ ይህን ቃል ሦስት ጊዜ ይደግመዋል። እዚያው ላይ ደግሞ «ታውዘንት ሽቴበ ጌበ» ይላል፤ ሺህ ብረት ያለ ይመስለዋል ለማለት ነው። ሽቴበ፣ ጌበ፣ ሽቴበን። ስታነበው ብረቶቹ በፊትህ አንድ በአንድ ያልፋሉ። ከሺሁ ብረት ኋላም ዓለም የለም ይላል።

የመጨረሻዋ መስመር ከሌሎቹ ታጥራለች። አውሬው ዐይኑን ሲገልጥ አንድ ምስል ይገባል፣ በአካላቱ ውስጥ ያልፋል፣ ልቡ ጋ ሲደርስ መኖሩን ያቆማል። መስመሩም እዚያው ይቆማል። አንባቢ ሌላ አንድ እርምጃ ይጠብቃል፤ አይመጣም።

እኔ ይህን ሳነብ ሥድስት ኪሎ ትዝ ይለኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሊነጋጋ ሲል የአንበሳ ግቢ አንበሶች ያገሱ ነበር። ዶርም ውስጥ ተኝተህ ትሰማዋለህ። ታስረው ሲያገሱ ያስፈራል ወይስ ያሳዝናል? እስካሁን አልለየልኝም።

ሻይ ቤት

ፈተና ቀን ከሆነ የሚያሳዝነው ሰሚው ነው።

ጡረተኛው መምህር

ከሙኒክ የጻፍከው ልጅ፣ ተባረክ። እኔ ደግሞ ስለ እንግሊዙ ዊልያም ብሌክ ልበል፤ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። «ታይገር» የሚለውን ግጥሙን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1794 ነው። መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። እኛ ነብር የምንለው ሌላ ነው፤ የእሱ የእስያው ባለ ሸንተረሩ ነው።

«ታይገር፣ ታይገር፣ በርኒንግ ብራይት» ብሎ ይጀምራል። ጣታችሁን ጠረጴዛ ላይ እየመታችሁ በሉት። አራት ምት። ገደም ገደም ብሎ የሚሄድ አይደለም፤ መዶሻ ነው። ለምን መዶሻ እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል። የትኛው መዶሻ፣ የትኛው ሰንሰለት፣ አንጎልህ በየትኛው ምድጃ ተቀቀለ፣ የትኛው መስፍ ላይ ተመታህ እያለ ይጠይቀዋል። አውሬውን አንጥረኛ ቤት አስገብቶታል። ከላይ ጀምሮ የሰማነው ምት የአንጥረኛው ምት ነበር።

ግጥሙ ጥያቄ ብቻ ነው። አንድም መልስ የለውም። የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንጓ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዲት ቃል ብቻ ትለወጣለች። መጀመሪያ «ማን ሊሠራህ ቻለ?» ያለው መጨረሻ ላይ «ማን ሊሠራህ ደፈረ?» ይሆናል። በስድስት አንጓ ውስጥ የተራመደው ከመቻል እስከ መድፈር ነው።

በነገራችን ላይ ብሌክ ሠዓሊም ስለነበር ግጥሙን ከነሥዕሉ ነው ያተመው። ሥዕሉ ላይ ያለውን ታይገር ያየ ሰው ይስቃል፤ የጠገበ ድመት ነው የሚመስለው። የኩራዝ ልጅ ያን ቢያይ ያቅፈው ነበር። ፍርሃቱ ያለው ጆሮ ውስጥ ነው።

ስንኝ ሰባሪ

መምህር፣ አንጥረኛውን ሲያነሡ የኩራዝ «ቀን ብረት ቀጥቅጦ» ይበልጥ ገዘፈብኝ። እኛም እኮ አውሬውን ከቀጥቃጭ ጋር አያይዘነዋል። ኩራዝ፣ ነገርኩህ፤ እነዚያን ሁለት ስንኞች እንዳትነካቸው።

ማረሻ

ከትናንት ጀምሮ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ነበር።

አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። መንደሩ በሙሉ የሚያርሰው እሳቸው በሠሩት ማረሻ ነው። የሚያጭደው እሳቸው በሠሩት ማጭድ ነው። ልጅ ሲታመም ግን መጀመሪያ የሚታዩት እሳቸው ነበሩ። ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል። በበዓል ቀን ጠላ የሚሰጣቸው በተለየ ዕቃ ነው። እናቴ ትምህርት ቤት ስትሄድ ልጆች ከኋላዋ «አውውው» እያሉ ይከተሏት ነበር። ጅብ እያስመሰሉ። ዛሬ ስልሳ አልፏታል። ጅብ ሲጮህ ከሰማች አትፈራም፤ ታፍራለች።

ኩራዝ ክፉ አስቦ እንዳልጻፈው ይገባኛል። ሲባል የሰማውን ነው የጻፈው። ስንኞቹ ያምራሉ። የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ባያምሩ ዝም ብዬ አልፍ ነበር። አንድ ሰው በተራ ወሬ «ቀጥቃጭ ጅብ ይሆናል» ቢል «የት አየህ?» የሚል አይጠፋም። ቤት ሲመታ ግን ማንም የት አየህ አይልም። ሁሉም «ግሩም» ይላል። እዚህም ያላችሁት እሱን ነው።

ዳገት

ይቅርታ፣ ግን ግጥም እኮ ነው። የጥንት እምነት ነው፣ ባህል ነው። ሁሉን ነገር እያነሣን ካጠፋን ምን ይቀረናል?

ማረሻ

ጅቡ ይቀራችኋል። ጅቡን ማን ነካው?

ጡረተኛው መምህር

ማረሻ፣ ይቅር በለኝ ልጄ። ስለ እንግሊዙ አንጥረኛ ያን ሁሉ ስናገር የራሳችንን አላሰብኩትም። ዳገት፣ ያልከው አዲስ ክርክር አይደለም። ምኒልክ እንኳ በዘመናቸው ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ግን በተረትና በግጥም ስለሚኖር አዋጁ አልደረሰበትም።

ብሌክ አውሬውን አንጥረኛ ቤት ያስገባው አንጥረኛውን ከፍ ለማድረግ ነው። ይህን የሠራ እጅ ምን ያህል ደፋር ነው እያለ ይደነቃል። የኛው ሰው በተቃራኒው ሄደ። እጁን አውሬ አደረገው። ምቱ አንድ ነው፤ ቀጥ ቅጥ፣ ቀጥ ቅጥ። ያው መዶሻ ነው።

ስንኝ ሰባሪ

ሁለቴ ነው ያሞገስኩት። ሁለቴ። ድምፁ ወሰደኝ፤ የሚለውን አልሰማሁትም። ማረሻ፣ ይቅርታ። ኩራዝ፣ «እንዳትነካቸው» ያልኩህን አንሥቻለሁ።

የባዮሎጂ ልጅ

ድባቡን ልቀይር ብዬ አይደለም፣ ግን ስለ ጅቡ ራሱ ሁለት ሦስት ነገር ልበል። አጥራችን ድረስ የሚመጣው ዥንጉርጉሩ ጅብ ነው። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውንም የምትመራው እሷ ናት። ስለዚህ «አያ ጅቦ» ብዙ ጊዜ እትዬ ናት።

ሌላው፣ «ጅብ ሳቀ» የምንለው ድምፅ ሳቅ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚያሰማው ሌላ ጅብ ሲያባርረው፣ ሲጨናነቅ ወይም ምግብ ሲነጠቅ ነው። ማለትም ሲስቅ የምንሰማው የፈራ ጅብ ነው። ከሩቅ የሚመጣው ረጅሙ ጩኸት ደግሞ ከወፍራም ጀምሮ እየቀጠነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ልክ ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው። የእያንዳንዱም ይለያል፣ በድምፁ ይተዋወቃሉ።

እመት ጦጣ

እትዬ ጅቦ! ይህን ለእናቴ ዛሬውኑ እነግራታለሁ።

ክራር ደርዳሪ

«ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው»። መምህር ስለ ብሌክ ካሉት ጋር ገጠመ። አውሬው ይጠይቃል እንጂ አይመልስም። ኩራዝ፣ የት ጠፋህ?

ኩራዝ

አለሁ። አራት ቀን አንዲትም ቃል ሳልጽፍ ሳነብ ከረምኩ።

ማረሻ፣ በቅድሚያ አንተን። እኛ መንደር ቀጥቃጭ ነበር። ልጁ ከኔ ጋር ይማር ነበር። «አውውው» ካሉት ልጆች አንዱ እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስንኞቹን አውጥቻቸዋለሁ። ሳወጣቸው ግጥሙ ይጎድላል ብዬ ነበር፤ ሳየው ከመጀመሪያውም ያቺን ሌሊት የሚመለከቱ አልነበሩም። እኔ ያን ሌሊት የሰማሁት ቀጥቃጭ አልነበረም።

ሁሉንም አፍርሼ እንደገና ጻፍኩት። ጅብ የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለበትም።

ውሻው ጮሆ ጮሆ ትንፋሹ አነሰ፤
ካጥሩ ኋላ አንድ ነገር መጣ እያነከሰ።
እናቴ ኩራዙን እፍ ብላ አጠፋች፤
መዳፏን አፌ ላይ ቀስ አድርጋ ደፋች።
ጭር አለ ሌሊቱ፣ ጭር አለ መንደሩ፤
ቀጭ አለ፣ ቀጭ አለ፣ ራቅ ብሎ ከበሩ።

ስንኝ ሰባሪ

አንብቤ ዝም አልኩ። ለኔ ይህ ብርቅ ነው።

እሺ፣ ትንሽ ልናገር። «አነሰ» እና «እያነከሰ» ጥሩ ነው። ውሻው ሲያንስ ያ ነገር ይመጣል። «እፍ» ላይ የእናትህ ትንፋሽ ይሰማኛል። «መዳፏን አፌ ላይ»፤ ከዚያ በኋላ ሰው አይናገርም፤ የሚናገረው ሌሊቱ ነው። ሦስቱ ቤቶች ሰ፣ ች፣ ሩ ናቸው። «ች» ላይ ልጅን ዝም የሚያሰኝ ነገር አለ። አስበህበት ነው?

ኩራዝ

ኧረ አላሰብኩም። እንዲሁ መጣ።

የጁገል ልጅ

ቀጯን ስለወሰድክልኝ ደስ ብሎኛል። አንዴ ሳይሆን ሁለቴ መሆኗ ነው የገደለኝ። የመጀመሪያዋን ተሳስቼ ነው ትላለህ።

ማረሻ

ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «ያቺ ሴትዮ ጎበዝ ናት፣ መብራቱን ማጥፋቷ» አለች። ስለ ሌላው ምንም አላለችም። አመሰግናለሁ ኩራዝ። የልጅነት ጓደኛህ በሕይወት ካለ ደውልለት።

ኩራዝ

ስልኩን እያፈላለግኩ ነው።

ሻይ ቤት

ሃያሲውስ? ልጁ ምን አለ?

ኩራዝ

ትናንት ማታ መብራት አጥፍቼ አነበብኩለት። ሲያልቅ ትንሽ ቆየና «ምንድን ነው የሚበላው?» አለኝ። አህያችንን አልኩት። ማታ ሳትገባ የቀረች አህያ ነበረች፤ ጠዋት ያገኘነው ገመዷን ነው። ዝም አለ። ከዚያ «በሩን ቆልፈሃል?» አለኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነን እኮ አልኩት። «እሺ፤ ግን ቆልፈሃል?»

ተነሥቼ ሄጄ አየሁት።

ክራር ደርዳሪ

እንግዲህ አንዲት ነገር ትቀረኛለች። «ራቅ ብሎ ከበሩ» የሚለው ያላላዋል። ለምን ርቀት ትሰጠዋለህ? በሩ ሥር አምጣው።

ኩራዝ

ሞክሬው ነበር። «በሩ ሥር» ብዬ ስጽፈው እጄ እንቢ አለኝ። ያን ሌሊት እናቴ ከበሩና ከኔ መካከል ነበር የተኛችው። ለኔ ሁሉም ነገር ከእሷ ወዲያ ነበር። ራቅ ብሎ ነው።

ክራር ደርዳሪ

እሺ። ይቆይ።